ዳዋ አይደለም፤ የንብ ደጅ ነው

ቤተ ልሔም፣ ጋይንት
ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለመልአኩ ፈንታ፣ ሃኖቨር ከተማ፣

የአባትህ አምላክ ባለህበት ይጠብቅህ። እኛ ጋ ክረምቱ ገብቷል፣ ገብሱ በቅሏል፣ እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሰላምታዬ ይኸው ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ቁጣ ነው።

ባለፈው ሳምንት አርብ ገበያ ወርጄ፣ ኔትወርክ የሚይዝበት ቦታ ፈልጌ፣ በሰው ስልክ ደወልኩልህ። አንተም ጮህክ፣ እኔም ጮህኩ፤ ከዚያ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። በገበያተኛው መካከል የሰው ስልክ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ባለስልኩ ልጅ እንኳ አፍሮልኝ ዞር አለ። ስለዚህ በወረቀት መጣሁብህ። ወረቀት ይቀደድ እንደሆነ እንጂ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ፊደል ያስቆጠረኝ አባትህ ነው፤ ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል።

የመሪጌታ ፈንታን ደጅ ዳዋ ወረሰው ብለው ነገሩህ። ዳዋ አይደለም። እኔ የተከልኩት ነው።

አባትህ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ወና፣ ደጁ የሰው ከብት መፈንጫ ነበር። ከጓሮ ያሉት ቀፎዎቹ ግን አሉ፤ የምጠብቃቸው እኔ ነኝ። የደብሩ ጧፍ ከዚያ ሰም ይሠራ እንደነበር ታውቃለህ። አሁን ሜዳው ሁሉ ስንዴ ሆነ፣ ስንዴው ሁሉ በመድኃኒት ይረጫል። በየድንበሩ ይበቅል የነበረው መጭ፣ ማጌት፣ አደይ አበባ ነደደ። አምና ንቡ የሚቀስመው አጥቶ ከሳ። ባቄላዬም አበባውን አራግፎ ባዶ አገዳ ሆኖ ቀረ፤ አበባውን የሚጎበኘው ንብ ከሌለ ከየት ያፈራል? ያን ጊዜ ነው የአባትህን ደጅ ያጠርኩት። ከብቱን ከለከልኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አስፈቅጄ ጥንጁት ነቅዬ አመጣሁ። ግራዋውን በቁራጭ ተከልኩ። የመጭ ዘር ከገደሉ አፋፍ ለቅሜ በተንኩ። ቀጋውን በአጥሩ ዙሪያ አስያዝኩት፣ እጄም ደማ።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። የእናትህ እኅት ልጅ ይበልጣል በየቀኑ አጥሩ ላይ ቆሞ «መልአኩ አጽዳው ብሎኛል» ይላል። እጁን እንዲሰበስብ ንገርልኝ። እስከ ኅዳር፣ ማሩ እስኪቆረጥ ድረስ ብቻ።

መቼ እንደምትመጣ ዛሬም አልነገርከኝም። ለአባትህ ቀብር ጠበቅንህ፤ ለተዝካሩም ጠበቅንህ።

አክስትህ ጌጤ


ሃኖቨር
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ጌጤ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ጉልበትዎንም እግዚአብሔር ይማርልኝ። ስልኩን ስለዘጋሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የዘጋሁት ክፉ እንዳልናገርዎ ነው።

የሆነውን ልንገርዎ፣ ከዚያ ይፍረዱ። እዚህ የአንድ ልጅ ክርስትና ተጠርቼ ሄድኩ። ካሴ የሚባል የእስቴ ሰው አለ፤ መካነ ኢየሱስ ተወልዶ ያደገ፣ በልጅነቱ አባቴ ዘንድ ድጓ የተማረ። ከአገር ቤት የተላከለትን ፎቶ ለሰው ያሳያል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔ ጋ ደረሰ። «ይሄ የመሪጌታ ፈንታ ደጅ አይደለም እንዴ? ዳዋ ዋጠው እኮ!» አለ። ቤቱ በሰው ሙሉ ነበር። አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠች። ሌላው ደግሞ «ልጅ አልነበራቸውም?» ብሎ ጠየቀ። እኔ እዚያው ከጎኑ ተቀምጫለሁ!

ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ በእኛ አገር ሰው ሲራገም «ደጅህን ዳዋ ያልብሰው» ነው የሚለው። ዘርህ ይጥፋ፣ ስምህ አይጠራ ማለት ነው። እኔ አንድ ነኝ፣ ልጅም የለኝም። እርስዎ የአባቴን ደጅ እርግማን አልብሰው አበባ ነው ይሉኛል።

ደግሞ አበባ ምን እንደሆነ ለእኔ አይነገረኝም፤ እንጀራዬ ነው። የምሠራው በከተማው አትክልት ክፍል ነው። እዚህም ንብ አለቀ ተብሎ በየመንገዱ ዳር አበባ እንዘራለን። ዘንድሮ እንዲያውም ሣሩን እንዳናጭድ ታዝዘናል። ግን ሁሉም በወግ ነው። ዙሪያው ይታጠራል፣ ሰሌዳ ይቆማል፣ ሰሌዳው ላይ የንብ ሥዕል አለበት። ያየ ሁሉ አውቀን እንደተውነው ይገባዋል። የእርስዎ ለማን ሊገባው ነው?

አበባ ከፈለጉ ከምንዘራው ዘር አንድ ከረጢት በዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌያለሁ። ሰማያዊና ቀይ ያወጣል፣ ያምራል። በሩ አጠገብ በመስመር ይዝሩት። ሌላው ይጽዳ። ለይበልጣል ነግሬዋለሁ፤ እርስዎም አይከልክሉት።

ስለ መምጣቴ የጠየቁኝን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ መልአኩ


ቤተ ልሔም
መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለመልአኩ፣ የፈረንጅ ንብ አሳዳሪ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ነው። አንብቤ ሳቅሁ፤ ደግሜ ሳነበው ደሜ ፈላ።

ለሃኖቨር ንብ አበባ ትዘራለህ፣ ሣር አይታጨድ ስትባል እሺ ትላለህ፣ አጥር ታጥራለህ። ለአባትህ ንብ ግን ገጀራ ታዝዛለህ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ያለው ማን ነበር? ነገሩ የሰሌዳ ከሆነማ ሰሌዳ ላክልኝ! በጀርመንኛ ይጻፍበት። ላሞቹም ያነቡታል፣ ይበልጣልም ያነበዋል፣ ካሴም ፎቶ ያነሳዋል፤ እፎይ እንላለን።

ዘርህን አልዘራሁትም፣ አልዘራውምም። የማላውቀውን ዘር በወንድሜ ደጅ አልበትንም። ነገ ማሳውን ቢወርረው አንተ መጥተህ አትነቅልልኝም። ንባችንስ መቼ አውቆት? እኔ የተከልኩትን ንቡም እኔም እናውቀዋለን። ክረምቱ ሲወጣ መጭና አደይ ይፈነዳል፤ ማጌቱ ከሥር ይከተላል። የእነርሱ ሲያልቅ ጥንጁቱ ይረከባል። ሜዳው ደርቆ አገሩ ሁሉ አቧራ ሲሆን ደግሞ ግራዋው ያብባል። ንቡ ጦም የሚያድርበት ወር እንዳይኖር አስቤ ነው የተከልኩት። መስመር የለውም ብለህ ትስቃለህ፤ ንብ በመስመር ይበላል ያለህ ማን ነው?

ዳዋ ማለት ሰው የተወው ነው። ይህን ሰው አልተወውም። በዝናብ ተንበርክኬ የተከልኩት ነው፤ ጉልበቴ ዛሬም ይመሰክራል። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «የመልአኩ ንብ ደጅ ነው» እላለሁ። በስምህ ነው የተከልኩት፣ ስምህ እንዲጠራበት። አንተ ግን ስምህን ካሴ ስልክ ውስጥ ትፈልጋለህ።

ይበልጣል በጀርባ የሚታዘል መርጫ ገዝቷል። ገጀራውን እንኳ ትቶታል። ገጀራ ቢሆን ሥሩ ይተርፍ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ዛሬውኑ ደውልለት።

አክስትህ ጌጤ


ሃኖቨር
መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለወይዘሮ ጌጤ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ውሻ ያሉኝን አንብቤያለሁ። አባቴ አንድ ቀን ውሻ ብሎኝ አያውቅም።

ልዩነቱ ካልገባዎ ልንገርዎ። እዚህ መንገድ ዳር ዳዋ ቢበቅል የከንቲባው ነው። ማንም አልፎ ሲሄድ «የከንቲባው ዘር ጠፋ» አይልም። እዚያ ሲበቅል ግን የእኔ ነው፣ የአባቴ ነው። ጠዋት በብርድ ተነስቼ የፈረንጅ አበባ ውኃ ሳጠጣ የምውለው ያ ደጅ እንዳይዘጋ ብዬ ነው። የቆርቆሮ በር መግዣ የላክሁት፣ ግንቡ እንዲታጠር የምነዘንዘው ለዚህ ነው። እርስዎ ግን ለንብ አዘኑ፣ ለእኔ አላዘኑም። እዚህ ሰው መካከል እንዴት እንደምቀመጥ አንድ ቀን አልጠየቁኝም። መቼ ትመጣለህ ብቻ! እንደ ልብ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ አባቴን ሌላ ሰው ይቀብርልኝ ነበር?

በስሜ ተከልኩ ይላሉ። በስሜ ትከሉ አላልኩም። ደጁ የእኔ ነው፤ ያዘዝኩት ይፈጸም። አንቺ ማን ነሽና ነው የምትከለክይኝ? «አንቺ» ብዬ ጽፌ ልሰርዘው ነበር፤ ተውኩት። እንዳልኩዎ ይወቁት።

ይበልጣል ጥቅምት ሳይወጣ ያጽዳ። ከዚህ በኋላ ስለ ንብ አይጻፉልኝ።

መልአኩ


ቤተ ልሔም
ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለመልአኩ፣

እግዚአብሔር ልብህን ያራራልኝ። ላለፈው ደብዳቤዬ መልስ አልመጣም፤ መንገድ ላይ ይሁን አንተ ጋ ይሁን አላውቅም። ሰላምታ ለማብዛት ጊዜ የለኝም። ደብዳቤውን የሚወስደው የደብረ ታቦር ሹፌር ቆሞ ይጠብቀኛል።

ደጅህ አብቧል። መጩ እስከ ደረቴ ደርሶ ቢጫ ሆኗል፤ ከጥንጁቱም ቀድሞ የፈነዳ አለ። ከማለዳ ጀምሮ ንቡ ሲያጉረመርም ከቤቴ ሆኜ እሰማዋለሁ። ቀፎዎቹ ከብደዋል፤ አሁን በአንድ እጅ አይነቀነቁም። ባቄላዬ ዘንድሮ ከላይ እስከ ታች እሸት ይዟል። ዘርፌ፣ ያች አጥር ተጎራባቼ፣ አምና ስትስቅብኝ የነበረችው፣ ትናንት መጥታ የመጭ ዘር እንድሰጣት ጠየቀችኝ።

ትናንትና ደግሞ ይበልጣል መርጫውን አዝሎ መጣ። በሩ ላይ ተቀመጥኩበት። ሽማግሌ ሴት ገፍቶ ማለፍ አፍሮ ተመለሰ እንጂ «ከመልአኩ ሌላ ቃል ካልመጣ እመለሳለሁ» ብሎኛል። ሁልጊዜ በር ላይ ልቀመጥ አልችልም፤ ጽጌ ነው፣ ማኅሌት አለ፣ እርሻም አለኝ።

ልቆጣህ ፈልጌ ነበር፤ አልቆጣም። እለምንሃለሁ። ለእኔ መደወል ካስጠላህ ለእርሱ ደውል። «ተው» በለው። አንድ ቃል ናት።

ጌጤ


ሃኖቨር
ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ ጌጤ፣

እንደምን ከረሙልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከመቼውም ይልቅ ደህና ነኝ።

ይበልጣል ደብረ ታቦር ወጥቶ ፎቶ ላከልኝ። የአባቴ ደጅ ጥርግ ብሎ ጸድቷል! መሬቱ ታየ፤ ቤቱ ከበሩ እስከ ጓሮ ፍንትው ብሎ ታየ። ያቺ አባቴ ተቀምጦ ለተማሪዎቹ ድጓ ያስቀጽልባት የነበረች ድንጋይ እንኳ ትታያለች። አለቀስኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለካሴ አሳየሁት። «አሁን ሰው ያለበት ቤት መሰለ» አለኝ። ስንት ወር አንገቴን ደፍቼ ከሄድኩባት ቤተ ክርስቲያን ቀና ብዬ ወጣሁ።

በቁጣ ስለጻፍኩት ይቅር ይበሉኝ። «አንቺ» ያልኩበት እጄ ይቆረጥ። እርስዎ እንደ እናቴ ነዎት፤ ያሳደገ ይቆጣል፣ ያደገም ያጠፋል። አሁን ነገሩ አለፈ። ደጁ ሲጸዳ የእኔም ልብ ጸዳ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የአንድ ወዳጄ እኅት ዮርዳኖስ በገና ሰሞን ከደብረ ታቦር ወደዚህ ትመጣለች። ማሩ በኅዳር ይቆረጣል ብለውኝ ነበርና ከአባቴ ቀፎ ትንሽ፣ አንድ ጠርሙስ ብትሆን፣ አሽገው ይላኩልኝ። እዚህ ያለው ማር ስኳር ስኳር ይላል። የአባቴን ማር ከቀመስኩ ዘመን የለውም። ለካሴም አቀምሰዋለሁ።

ልጅዎ መልአኩ


ቤተ ልሔም
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለመልአኩ ፈንታ፣

ማር ላኩልኝ ያልክበት ደብዳቤ ደረሰኝ። «አንቺ» ያልክበትም ዘግይቶ ከእርሱ ጋር አብሮ ደረሰ፤ እኔ «ተው በለው» ያልኩህ ግን ደርሶህ እንደሆነ አልጻፍክልኝም። ማር የለም።

ጽጌው ሳይፈጸም፣ ማኅሌት ሰምቼ ቅዳሴ አስቀድሼ ስመለስ፣ ይበልጣልን ሥራውን ጨርሶ መርጫውን እያጠበ አገኘሁት። የአረሙን መድኃኒት ከተባዩ ጋር ቀላቅሎታል፤ «እባብም እንዳይኖርበት ብዬ ነው» አለኝ። ፀሐይ ወጥታ፣ አበባው ተከፍቶ፣ ንቡ ሁሉ አበባ ላይ ሳለ ነው የረጨው። በእርሱ አልፈርድም። አጽዳ ተባለ፣ አጸዳ። እንዲያውም «እትዬ ጌጤ፣ ደከምሽ ብዬ ቀፎውንም አብሬ ረጨሁልሽ፤ ምስጥ እንዳይበላው» አለኝ። ደግ ያደረገ መስሎት ቆሞ ምርቃት ይጠብቃል።

ንቡ ከቀፎው ሥር ተነጠፈ። ከአበባው ላይም እየተንቀጠቀጠ ይወድቃል። በነጠላዬ እየጠረግሁ ሰበሰብኩት፤ ለምን እንደሰበሰብኩት አላውቅም። ከሞት የተረፈው በማግስቱ ቀፎውን ጥሎ ኮበለለ፤ ወዴት እንደሄደ ያየ የለም። በሳምንቱ ተክሉ ሁሉ ጠወለገና ደረቀ። አንተ «ጥርግ ብሎ ጸዳ» ያልከው ከዚያ በኋላ ታጭዶ የተቃጠለውን ነው።

ያን ቀን ጮኼ አለቀስኩ። አልችል አልኩ፣ አባትህ ሲሞት እንዳለቀስኩት አለቀስኩ። አልቅሼም አላበቃሁ፤ ንዴቱ ከሐዘኑ ይብሳል፣ ንዴቱ ነው ያስጮኸኝ። ጩኸቱ የተሰማው ግን ከመሪጌታ ፈንታ ደጅ ነው። ዘርፌ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሮጣ መጣች። ከኋላዋ የመንደሩ ሰው ተከተለ። ከዚያ ደጅ የወጣ ልቅሶ የማን ሊሆን ይችላል? ያ ቤት የቀረው አንድ ልጅ ነው፣ እርሱም ባሕር ማዶ ነው። ማንም አልጠየቀኝም። ዘርፌ «መልአኩዬ!» ብላ ደረቷን መታች። «አባቱን ሳይቀብር፣ አፈር ሳያለብስ፣ በሰው አገር!» እያለች ሙሾ አወረደችልህ። ወንዶቹ ጎንበስ ብለው አለቀሱ። አባ ወልደ ሰንበት መጥተው ለፍትሐቱ የክርስትና ስምህን ጠየቁኝ።

«አልሞተም» ማለት ነበረብኝ። አፌ ዘገየ። አልደብቅህም፣ ብትቆጣም ተቆጣ። ለንቡ የሚያለቅስልኝ አንድ ሰው አልነበረም፤ ለአንተ የመጣውን እንባ ለንቡ ወሰድኩት። ሰው ስምህን እየጠራ ሲያለቅስ እኔ ነጠላዬ ላይ የሞተውን ይዤ ዝም ብዬ ሰማሁ።

በኋላ ግን ተናገርኩ። «መልአኩ ደህና ነው፣ አልሞተም» አልኩ።

«ታዲያ ማን ሞቶ ነው?» አሉኝ።

ነጠላዬን ዘረጋሁላቸው። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ስለ ንብ ነው ብሎ ያመነኝ የለም። «አይ ጌጤ፣ መርዶውን መደበቋ ነው» ተባባሉ። አንተም ታውቀዋለህ፤ ባሕር ማዶ የሞተ ሰው መርዶው ለቅርብ ዘመድ ይደበቃል፣ ጊዜ ተፈልጎ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። እኔ ቀድሜ የሰማሁ፣ ሳልችል ቀርቼ የጮህኩ፣ ኋላ ደግሞ ዘመዶች «አትናገሪ» ብለው የከለከሉኝ መሰላቸው። በማለሁ ማለቴ እንኳ አልጠቀመኝም። «አልሞተም» ባልኩ ቁጥር ያዝኑልኛል።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ሰው አይለየውም። እህል ይዘው ይመጣሉ፣ ተቀምጠው «ጠናሽ?» ይላሉ። የወና ደጅ ተክሉ ደርቆ፣ ንቡ ኮብልሎ፣ አክስቱ ጮኻ፤ ምን ሌላ ምልክት ይፈልጋሉ? አባ ወልደ ሰንበት ለሁለተኛ ጊዜ የክርስትና ስምህን ጠይቀውኛል። ትናንት ዘርፌ አጠገቤ ቀርታ ቀስ ብላ «በሕይወት ካለ ታዲያ ለምን አይመጣም?» አለችኝ። ስንት ዓመት እኔ የምጠይቅህን እርሷ ጠየቀችኝ። መልሱን አንተ ሰጥተኸኝ አታውቅም።

ከዘርፌ መልሼ የተቀበልኩት የመጭ ዘር በቅል አለ። አንተ በሌለህበት በደጅህ አንዲት ፍሬ አልጥልም። ይበልጣልንም አልከለክልም፤ ደጁ የአንተ ነው ብለሃል፣ ሰምቻለሁ።

«መልአኩ አለ» ማለት ግን ከእንግዲህ አልችልም፤ አፌም ደከመ፣ የሚያምነኝም አጣሁ። ና፤ አለመሞትህን አንተው መጥተህ ንገራቸው።

ጌጤ